ስሕተቱ ለአብራሪው፣ ምቾቱ ለሕግ አውጪው

ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ምሽት፣ ከፎርት ቤልቮር የተነሣ የጦር ሠራዊቱ ብላክ ሆክ ሔሊኮፕተር በምሽት ማያ መነጽር የብቃት መመዘኛ በረራ ላይ ሳለ፣ ሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ ከተቃረበ የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከአሌክሳንድሪያ በስተሰሜን፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ 67 ሰዎች አለቁ።

ሔሊኮፕተሩ ከተፈቀደለት የ200 ጫማ ጣሪያ በላይ ይበር እንደነበር ሲሰማ፣ ለብዙዎች መዝገቡ የተዘጋ መሰላቸው። አልተዘጋም። ሔሊኮፕተሩ ጣሪያውን አክብሮ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ ቢበር እንኳ፣ ወደ ማኮብኮቢያ 33 ከሚወርድ አውሮፕላን የሚለየው ከፍታ 75 ጫማ ያህል ብቻ ነበር። ማንም እስካልተሳሳተ ድረስ ብቻ የሚሠራ ሥርዓት፣ የደኅንነት ሥርዓት አይባልም።

መረጃም አልጠፋም። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳሳየው፣ ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 አውሮፕላኖችና ሔሊኮፕተሮች በጎን ከአንድ የባሕር ማይል፣ በከፍታ ከ400 ጫማ ባነሰ ርቀት 15,214 ጊዜ ተቀራርበዋል። በ85ቱ ርቀቱ በጎን ከ1,500፣ በከፍታ ከ200 ጫማ በታች ነበር።

ታዲያ ለምን ታለፈ? ምክንያቱ የምጣኔ ሀብት ሀሁ ነው፦ ጥቅሙ በጥቂቶች እጅ ተሰብስቧል፤ አደጋው በብዙዎች ላይ ተበትኗል። ኮንግረስ በ2024 የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሴናተሮችን ተቃውሞ አልፎ፣ ለዚሁ ለተጨናነቀ ማረፊያ 10 ተጨማሪ የመነሻና የማረፊያ ፈቃዶች ሰጠ። ወደየግዛታቸው በቀጥታ የሚበሩ ሕግ አውጪዎች ምቾቱን አገኙ፤ የአደጋው ዋጋ ግን በማንም በጀት አልሰፈረም።

ሠራዊቱ ዋና ከተማዋን ለመጠበቅ መለማመድ አለበት የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ነገር ግን የልምምድ አስፈላጊነት፣ ልምምዱ መንገደኞች በሚያርፉበት ሰዓትና መንገድ ላይ እንዲሆን አያስገድድም።

ይህን አካሄድ እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ 302 157 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ባለቁ ጊዜ፣ በዚህች ዋሽንግተን ብዙ ጣት የተቀሰረው በአብራሪዎቹ ላይ ነበር፤ አፍንጫውን ቁልቁል የደፈቀው የቦይንግ ኤምካስ ግን የመሐንዲሶችና የአለቆች ውሳኔ ውጤት ነበር። የሞተን አብራሪ መክሰስ ርካሽ ነው፤ ጠበቃ አያቆምም፣ የምርጫ ገንዘብም አይነፍግም።

መስመሩ የተዘጋው ሰው ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ድምፅ የምንሰጥ ሁሉ ከወኪሎቻችን ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ የ2024ቱ ፈቃዶች ይሰረዙ፤ የመቀራረብ ቁጥሮችም በየወሩ ለሕዝብ ይውጡና ከተወሰነ ልክ ሲያልፉ መስመሩ የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ ይዘጋ።