ቱቦው ይቀየር እንጂ አይታሰር!

ወገን፣ የሚያፈስ ቱቦ በቁራጭ ጎማ አስሮ መኪናውን ጭነት መላክ ይቅር! አይሱዙ ኤን ፒ አር የሚቆመው በፍሬን ዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ ካፈሰሰ ፔዳሉ ይሰምጣል። ያውም አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ! የመሪ ዘይትም የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ከተንጠባጠበ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

"ቦታው ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም" ይባላል። ታዲያ ጋቢናው የሚነሳው ለምን ሆነና? አሮጌው ከመፈታቱ በፊት በየት እንዳለፈ በስልክ ፎቶ አንሱት። አዲሱም በዚያው ይለፍ፤ የጋለ ነገርም ስለታም ብረትም አይንካው። የውሃ ጎማ ያንን ግፊት አይችልም። በመጨረሻ አየሩ ይውጣ፤ አየር ይታመቃል፣ ዘይት ግን አይታመቅም።

ባለንብረቶች፣ ቢቀርባችሁ የአንድ ቀን ገቢ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ግን መለዋወጫ የላቸውም።