ወጋየሁ ያከበረውን ባላገር ማን አዋረደው?

ለአማርኛ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ሠሪዎች የምለው አለኝ፤ ሳላለዝብ እላለሁ። የጎጃምን ባላገር መሳቂያ ማድረጋችሁን ተዉ! አረንጓዴ ቁምጣ አልብሳችሁ፣ ዱላ አስይዛችሁ፣ ከመናኸሪያ ወጥቶ ፎቅ ሲቆጥርና ሊፍት ሲሸሽ እያሳያችሁ ስትነግዱበት ኖራችኋል። ሰውየው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ማሳ የለው፣ የሞተበት ወገን የለው። ብዙ ጊዜ ስም እንኳ አታወጡለትም፤ ዘበኛ ነው፣ ተሸካሚ ነው፣ ወይም ከገጠር ድንገት የመጣ ዘመድ ነው። ይገባል፣ አንዲት ቃል በጎጃም ቃና ይጥላል፣ ይሳቅበታል፣ ይወጣል። ሴቲቱም ከዚህ አታመልጥም፤ የቤት ሠራተኛ ሆና ትገባለች፣ ብርጭቆ ትሰብራለች፣ ትሰደባለች፣ ይሳቃል።

ይህን ትወና የሚለው ይበል፤ እኔ አልልም። ትወና ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በሬዲዮ፣ ከወጋየሁ ንጋቱ አፍ ነው።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። ከእነ ደበበ እሸቱ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣ፣ ዘመናዊውን የአማርኛ ቴአትር በትከሻው ከተሸከመው ትውልድ አንዱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ብዙ ሊሠራ በሚችልበት ዕድሜው አረፈ። መድረክ ላይ ያደረገውን ያዩ አይተውታል፤ አዲስ አበባን ላልረገጥን የክፍለ ሀገር ሰዎች የደረሰን ድምፁ ነው። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተረከው። ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ማይክራፎን። ልብስ የለ፣ ሜካፕ የለ፣ ካሜራ የለ።

በዚያ ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ የመጽሐፉን አገር ጎጃምን ከነሰዎቹ በሙሉ አቆመው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ደረታቸው ሲነፋ ይሰማችኋል። ጉዱ ካሳ አፉን ሲከፍት አንድ ሰው ከአገሩ ሕዝብ ሁሉ ቀድሞ አይቶ ብቻውን መቅረቱ ይሰማችኋል። በዛብህ ሲጨነቅ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሰብለ ወንጌልን ሲተርክ በእኛ ቤት አንድም ሰው ወንድ ሴትን አስመሰለ ብሎ የሳቀ አልነበረም፤ ዝም ብለን አዘንን እንጂ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። መጽሐፉን በእጇ ይዛ አታውቅም። ጉዱ ካሳን ግን እንደ ጎረቤት ታውቀው ነበር፤ ፊታውራሪንም በሬዲዮው ፊት ቆማ ትሞግታቸው ነበር። አንድ ተዋናይ ከዚህ የበለጠ ምን ሊሠራ ይችላል? ፊደል ያልቆጠረችን ባላገር የአንድ ታላቅ ልብ ወለድ ባለቤት አደረጋት። እሷም ባላገር ነች፤ በእናንተ ፊልም ብርጭቆ የምትሰብረዋ ሴት እናት ነች።

«ኮሜዲ ነው እኮ፣ ሰው ይሳቅበት» ትሉኛላችሁ። ሳቅን አልጠላሁም። ደግማችሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ክፈቱና ሐዲስ በማን እንደሳቁ ተመልከቱ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያ መጽሐፍ በሳቅ የተሞላ ነው፤ የሚሳቅባቸው ግን ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ዘር የሚቆጥሩት፣ ትዕቢት የሚያሳብጣቸው፣ ግብር አንጨምርም ባሉ ገበሬዎች ላይ በእርጅና ዘመናቸው ጦር ይዘው የሚዘምቱት ባላባት። ገበሬው አበጀ በለው እኒያን ፊታውራሪ ማርኮ ይይዛቸዋል። ደራሲው የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ልጅ ናቸው፤ ባላገሩን ያውቁታል፣ ስለዚህ ሳቁን ወደ ላይ፣ ወደ ጌታው ላኩት። ያውም ጌቶች ገና በሥልጣን ላይ ሳሉ፣ በንጉሡ ዘመን! እናንተ ደግሞ ማንም በማይጠይቃችሁ ሰው ላይ ትስቃላችሁ። የሚኒስትሩን ትዕቢት፣ የባለሀብቱን ግብዝነት፣ የደላላውን ቅጥፈት ትታችሁ መናኸሪያ ላይ መንገድ በጠፋው ሰው ላይ የምታነጣጥሩት ስለሚያስቅ አይደለም፤ መልስ ስለማይሰጣችሁ ነው።

ይባስ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የምትኖሩበትን ሙያ ከመሠረቱት ውስጥ የጎጃም ሰው አለበት። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ተውኔት ከጻፉ በኋላ የአማርኛን መድረክ ያሳደገው ማን ነው? ዮፍታሔ ንጉሤ ነው፤ የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ የቅኔ ሰው። «አፋጀሽኝ»ን የጻፈ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሰ፣ በጣሊያን ወረራ ሱዳን የተሰደደ፣ በ1939 ዓ.ም. የሞተ። ተውኔት ሲጽፍ በየት በኩል መጣ? በቅኔ ቤት በኩል። ከደብረ ኤልያስ፣ ከዲማ፣ ከዋሸራ ቅኔ ቤቶች የወጣ ተማሪ አንድን ሐሳብ በሁለት ልብስ አልብሶ መናገርን፣ ቃል መመጠንን፣ ሰሚውን ማስጠበቅን ተምሮ ነው የሚወጣው። እንግዲህ አንደበቱ የሚያስቃችሁ ሰው ከዚህ አገር የመጣ ነው። አባቱ ወይም አያቱ ቅኔ ቆጥሮ ይሆናል። እሱ ራሱ ገበያ ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሰድቦ፣ አመስግኖ፣ አስታርቆ የሚሄድ ሰው ነው። ይህን ሰው ቃል የሚጠፋው ድዳ አድርጋችሁ ታሳያላችሁ!

የእኅቴ ልጅ ተዋናይ መሆን ፈልጎ አዲስ አበባ ወረደ። እዚህ በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ያደገ፣ ድምፅ ያለው፣ ሰው የሚያስለቅስ ልጅ ነው። ለኦዲሽን ቀረበ፤ የመረጠውን ንግግር ተናገረ። አንድም ሰው ስለ ትወናው አልጠየቀውም። «አማርኛህ ይከብዳል» ተባለ። በዚያው ቀን የዘበኛ ክፍል ተሰጠው፤ «እንደሱ አድርገህ ተናገር፣ ትንሽ ግን አጋንነው» አሉት። አስቡት፤ የገዛ አባቱን አነጋገር አጋንኖ እንዲያሾፍበት ነው የተጠየቀው። እምቢ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ቃናውን መጣል ጀመረ። ዛሬ ለእናቱ ሲደውል በሌላ ሰው አማርኛ ነው የሚያወራት። እኅቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሚታይባትን ፊት ያላየ ሰው ስለ ቀልድ አያስተምረኝ።

በካና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ ወደ አማርኛ ተመልሶ መታየት ከጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ነገር ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። የአናቶሊያ ገበሬ በአማርኛ ሲናገር ክብር አለው። ሰውየው አባት ነው፣ ይቆጣል፣ ይወዳል፣ ያለቅሳል። የእኛ ተዋንያን ድምፃቸውን ሲያውሱት አይቀልዱበትም፤ ሰው መሆኑን አምነው ይናገሩለታል። ችሎታው አላቸው ማለት ነው። ለባዕድ ገበሬ የተገኘው ክብር ለሞጣው፣ ለቢቸናው፣ ለደጀኑ ገበሬ ሲሆን የት ይጠፋል?

ባላገሩን ሰው አድርጎ ማሳየት ገበያ የለውም የሚለውን ሰበብም አልቀበልም። ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረፀው በባላገር ታሪክ ነው፤ ገበሬው የሚያርስበትን፣ የሚቆጣበትን፣ ዝም የሚልበትን ጊዜ ሳይቆራርጥ አሳየ። ፊልሙ ዛሬም በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ይታያል። ያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ን ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው በአንድ የገጠር ልጅና በበጉ ታሪክ ነው። ሁለቱም ፎቅ የሚቆጥር ባላገር አላስፈለጋቸውም።

ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ራሱ እነዚህን ድራማዎች እያየ ይስቃል ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይስቃል። ሆቴል ቤት ተቀምጬ ሲስቁ አይቻለሁ። ልጆቻቸው ግን አጠገባቸው ተቀምጠው ነው። ያ ልጅ ከዚያ ሳቅ የሚማረው አያቱ የሚያሳፍሩ ሰው መሆናቸውን ነው። ጎጃሜ በራሱ መሳቅ ያውቅበታል፤ ማኅበር ላይ፣ ደቦ ላይ፣ ከአዝማሪ ጋር ግጥም ተቀባብሎ በራሱም በጌታውም ይስቃል። ያ ሳቅ ግን ባለቤቱ የሚመራው ነው። ማንን እስከ የት እንደሚነካ የሚያውቅ ሳቅ ነው።

ይህን የምጽፈው ደግሞ ጎጃም ውስጥ ተኩስ በሚሰማበት ዘመን ነው። ባላገሩ ቤቱ እየተቃጠለ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ፣ አዝመራውን እየፈራ በሚሰበስብበት ወቅት በስክሪን ላይ የሚታየው አሁንም ያው ቁምጣ ለባሽ ቀልደኛ ነው። ለዓመታት ስም ሳይሰጠው የኖረ ሰው ሲሞትም ስሙን የሚጠይቅ አይገኝም። ይህ ከፊልም ጋር ምን አገናኘው የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፦ አዲስ አበባ ያለ ብዙ ሰው ጎጃምን የሚያውቀው በፊልም ብቻ ነው።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የባህል ጥናት ተቋም አለው። ስሙን መያዝ ዕዳ ነው። የጎጃምን አነጋገር፣ ሙሾ፣ ፉከራ፣ የእርቅና የሽምግልና ንግግር ቀርፆ ተዋናይ መጥቶ የሚያዳምጥበት ቦታ ካልሆነ ማን ይሁን? የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም ባሕር ዳር ላይ ቁጭ ብሎ የአዲስ አበባን ቀልድ መቅዳት የለበትም። በዚህ ክልል ቃና የሚናገር፣ የራሱ ስምና ማሳ ያለው ጀግና ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት ድራማ ከእሱ ነው የሚጠበቀው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ አዘጋጅ ደግሞ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ መውጣት ነው። ከአንድ ገበሬ ጋር አንድ ቀን ይዋል፤ ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱን ይጻፍ።

እናንተ ወጣት ተዋንያን፣ በተለይ የጎጃም ልጆች ሆናችሁ አዲስ አበባ ላይ ዕድል የምትፈልጉ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የባላገር ክፍል ሲሰጣችሁ የሰውየውን ስም ጠይቁ። የየት አገር ሰው ነው? ሚስቱ ማን ትባላለች? ምን ያርሳል? ማን ሞቶበታል? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላቸው ወጋየሁ እንዳደረገው ሙሉ ሰው አድርጋችሁ አምጡት። መልስ ከሌላቸው ስክሪፕቱን መልሱላቸውና ውጡ።