ቀለም የቈጠረና ሽቦ የለየ

አሮጌውን የመኪና ቴፕ አውጥቶ አዲስ መግጠም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይገባ የእጅ ሥራ ነው የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም። በክፍል ውስጥ የቮልትና የአምፔር ስሌት እየሠራን፥ ሥራው ሲመጣ ሽቦ መቍረጥ ብቻ የምናውቅ ከሆነ፥ ትምህርታችን ከወረቀት አላለፈም ማለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ ቴፕ ጋራ ከሚመጡት ሽቦዎች ቢጫው ከባትሪው ዘወትር 12 ቮልት የሚቀበል፥ ቀዩ የመኪናው ቍልፍ ሲዞር ብቻ ኀይል የሚያገኝ፥ ጥቍሩም ከመኪናው አካል ጋራ የሚታሰር ነው። የመኪናው ሽቦዎች ቀለም ግን እንደየፋብሪካው ይለያያልና፥ በቴስተር ሳይለኩ ቀለምን ከቀለም ማገናኘት አይገባም። ቢጫውና ቀዩ ቢለዋወጡ፥ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቍጥር ሰዓቱንና የያዛቸውን ጣቢያዎች ይረሳል። ይህስ ቀላል ነው፤ የተቃጠለውን ፊውዝ በባዶ ሽቦ መተካት ግን እሳት መጥራት ነው።

ስለዚህ አስቀድመን የባትሪውን ኔጋቲቭ እንፍታ፤ የፋብሪካውን ሶኬት ሳንቈርጥ ለመኪናው የሚስማማውን ማገናኛ እንግዛ፤ ያላወቅነውንም ከጋራዡ ባለሙያ ሳናፍር ጠይቀን እንማር። ቀለም የቈጠረ ሁሉ ሽቦ ለይቶ አያውቅምና።