ያገገሙትም ከመካሪዎች ይቈጠሩ

የአእምሮ ሕሙም ፈውስ ፍለጋ ከገጠር ተነሥቶ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል እስኪደርስ የሚቀበለው መከራና የሚፈጀው ጥሪት ከደዌው የማያንስ መሆኑን ለሚያውቅ ሁሉ፣ በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ፕራይም በተባለው የምርምር መርሐ ግብር አማካይነት፣ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሕክምናውን በየጤና ጣቢያው መስጠታቸው እጅግ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ በእግር ብረት ታስሮ የከረመ፣ ጸበል የተጠመቀ፣ መድኃኒቱንም ወስዶ ወደ እርሻው የተመለሰ ሰው የሚያውቀውን ከመጽሐፍ የሚያገኘው ሐኪም የለም። ስለዚህ ካህኑና ሐኪሙ፣ የእድሩ ዳኛና ቤተ ሰቡ ስለ ሕክምናው በአንድነት ሲመክሩ ያገገመው ሰው አብሮ ተቀምጦ ቃሉን ይስጥ፤ ቃሉም በውሳኔው ይታይ። የክልል ጤና ቢሮዎች የመጪውን ዓመት በጀት ሲያዘጋጁ ለእነዚህ ያገገሙ መካሪዎች የመጓጓዣ አበል እንዲመድቡ አጥብቀን እናሳስባለን።