ደፍሮ መናገርም ሥልጠና ይፈልጋል

ቨርቹዋል ሪያሊቲ ዓይንን በሚሸፍን መነጽርና በእጅ መቆጣጠሪያ አማካይነት ሠልጣኙን በኮምፒውተር ወደተሠራ ክፍል የሚያስገባ ቴክኖሎጂ ነው። በሕክምና ትምህርት ስሙ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ጥገና ልምምድ ጋር ነው። የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ባለሙያዎች በጭንቅ ሰዓት እንዴት እንደሚነጋገሩ ማስተማሩ ነው።

በወላይታዋ የገሱባ ከተማ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ቢል፣ አዋላጇም ሐኪሙም መድኃኒቱን ማወቃቸው ብቻ አያድናትም። የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ መሰጠት ያለበት ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ነው። «አንዳችሁ ስጧት» የሚል ትእዛዝ ባለቤት የለውም። «ሲስተር፣ 1 ግራም በደም ሥር ቀስ አድርገሽ ስጪ» ሲባል ግን ተቀባይዋ «1 ግራም በደም ሥር» ብላ ትደግማለች፤ ስትጨርስም «ሰጥቻለሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20» ትላለች።

ይህን ዓይነት የመነጋገር ሥልጠና ሕክምናው የወሰደው ከአቪዬሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። የአንደኛው አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ ማኮብኮቢያው ነጻ መሆኑን ተጠራጥሮ ቢጠይቅም ካፒቴኑ ሳይቀበለው አልፏል። ታላቅን ማክበር ሥር በሰደደበት አገር፣ ለጀማሪ ነርስ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ መጠኑ በዛ» ማለት ከባድ ነው። መነጽሩ ውስጥ ያለው ሐኪም ሆን ብሎ ይሳሳታል፤ ሠልጣኟም ማንም ሳይጎዳ ደጋግማ ማስቆም ትለማመዳለች።

ነገሩ ለሀብታም አገር ብቻ የተሠራ አይደለም። በናይጄሪያና በኬንያ ጤና ባለሙያዎች መተንፈስ ያቃተውን ጨቅላ የመርዳት ክህሎታቸውን በስልክ በሚሠራ ቨርቹዋል ሪያሊቲ አድሰዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። መብራት ቢጠፋም ባትሪው ለጥቂት ሰዓት ያሠራል፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ከተጫነ ደግሞ ኢንተርኔት ላያስፈልግ ይችላል። የሚያሳስበው ቋንቋው ነው፤ መነጽሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትናገር ታካሚ ለወላይታ አዋላጅ የምታስተምረው ትንሽ ነው።

ዋናው ትምህርት የሚገኘውም መነጽሩ ከወለቀ በኋላ ነው፤ አሠልጣኙ ማን ምን እንዳየና ለምን ዝም እንዳለ ሳይቆጣ ሲጠይቅ። ይህን የሚችል መምህር ከሌለ መነጽር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ መምህሩ ካለ በአሻንጉሊትም መጀመር ይቻላል። ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ቢይዘው፣ የመጀመሪያው ልምምድ ከገሱባ ወደ ሶዶ የሚደረግ የሪፈር ስልክ ቢሆን ይመረጣል። ደዋይዋ የእናቲቱን ሁኔታ፣ የፈሰሰውን ደም ግምት፣ የተሰጠውን መድኃኒት ከነሰዓቱና የምትፈልገውን እርዳታ በቅደም ተከተል ትናገራለች፤ ተቀባዩም ስልኩን ሳይዘጋ ይደግምላታል።