ከቆርቆሮው ሣጥን ግርጌ

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ አሮጌ መንደሮች ቤቱ ለልማት ፈርሶበት ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ሰሚት ወይም ወደ የካ አባዶ የሚዛወር ሰው፣ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በአይሱዙ ካስጫነ በኋላ፣ ከአያቱ የወረሰውን የቆርቆሮ ሣጥን አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሸከመው ወይስ ለቆራሌው ይስጠው እያለ ቆሞ ሲያመነታ ማየት፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ ለምንኖር ሁሉ የተለመደ ነገር ሆኗል። ብዙ ጊዜ ቆራሌው ያሸንፋል። ከሣጥኑ ጋር አብሮ የሚሄደው ወረቀት ግን፣ ያ ቤተሰብ ስለ ወታደር አያቱ ለልጅ ልጅ የሚተርከውን ዜና የሚያጸና ወይም የሚያፈርስ ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ወታደር አያቱን ከመዝገብ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚፈተነው በስም ነው። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም በሌለበት በእኛ አገር፣ አንዱ ሰው በሰፈሩ በዓለም ስሙ፣ በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ በክርስትና ስሙ፣ ሹመትና ፈረስ ያለውም እንደሆነ በጦር ሜዳ በፈረስ ስሙ ሲጠራ ኖሮ፣ የኢጣልያ ጦር ጸሐፊ ደግሞ በጆሮው እንደ መሰለው በላቲን ፊደል ሲመዘግበው ሌላ ሰው መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄድ በፊት የቤተሰቡን የንስሐ አባት ስለ ሟቹ የክርስትና ስም፣ አሮጊቶቹንም ተዝካሩ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ወጣ መጠየቅ ይገባል፤ የሞተበትን ዓመት የረሳ ቤተሰብ እንኳ ዕለቱን፣ ሚካኤል ነው ወይስ ማርያም፣ አይረሳምና።

ሁለተኛው ምስክር የመሬት ወረቀት ነው። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ መንግሥት ለአርበኛ፣ ለስደተኛና ለወታደር አንድ አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ ስላዘዘ፣ መሬቱን ያገኘው ሰው በምን አገልግሎት እንዳገኘው የሚገልጽ ደብዳቤና በየዓመቱ የከፈለበትን የግብር ደረሰኝ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ወረቀቱ የባለቤትነት ዋጋውን አጣ፤ ዋጋ የሌለው ወረቀት ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? ለርስት ክርክር የማይረዳው ያ ደብዳቤ ለታሪክ ግን ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ይፈለጋል።

እስካሁን የተናገርሁት ለአርበኛ ልጆች ደስ የሚያሰኝ ነው። በአዲስ አበባ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያደምጥ ሰው ግን አንድ ዕፁብ ነገር ያስተውላል፦ የሁላችንም አያት አርበኛ ነበር፤ የአስካሪ፣ ማለት የኢጣልያ የቅኝ ግዛት ወታደር፣ ወይም የባንዳ የልጅ ልጅ የሆነ አንድም ሰው አይገኝም። ታዲያ በዐድዋ ከኢጣልያ ጋር ተሰልፈው ከተማረኩ በኋላ እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው የተቆረጠው፣ በኋላ ዘመንም ለኢጣልያ ሊቢያ ድረስ ተሻግረው የተዋጉት፣ በ1928 ዓ.ም.ም ከወራሪው ሠራዊት ጋር መረብን የተሻገሩት፣ ከኤርትራም ከመረብ ወዲህም የተመለመሉት ወንዶች፣ ሁሉም ልጅ ሳይወልዱ ሞቱን? ካህኑ ገብረየሱስ ኃይሉ ወደ ሊቢያ ስለ ተጋዘው ወታደር በትግርኛ ልብ ወለድ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1950 ነው። እኛ ደግሞ ዛሬም ከሣጥኑ ግርጌ «ሹምባሽ» የሚል የአስካሪ ማዕርግ የተጻፈበት ፎቶግራፍ ስናገኝ፣ አክስታችን ቀዳ እንድትጥለው እንፈቅዳለን።

እኔ መቀደዱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ምክንያቴም አስካሪነት ነውር አልነበረም ለማለት አይደለም፤ አንድ ወረቀት የአንድን ሰው ዕድሜ ሁሉ ስለማይናገር ነው። አብርሃ ደቦጭን በኢጣልያኖች የደመወዝ መዝገብ ብቻ የሚያውቀው ሰው ቢኖር፣ በፖለቲካ መሥሪያ ቤታቸው ተቀጥሮ እንጀራቸውን የበላ የኤርትራ ተወላጅ ብሎ ያልፈው ነበር፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከሞገስ አስገዶም ጋር በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወረው ግን ያው ሰው ነው። ከፋሽስት ጦር ከነጠመንጃቸው ከድተው ከአርበኛው የተቀላቀሉ አስካሪዎችም ብዙዎች ነበሩ፤ ሹምባሹን ከሣጥን የቀደደ ቤተሰብ፣ የመክዳቱንና የመመለሱን ታሪክ አብሮ መቅደዱን አያውቅም። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ተማጽነው ነበር፤ ቂሙን እንድንተው እንጂ መዝገቡን እንድናጠፋ አልነገሩንም።

በመዝገብ ማዳላት የእኛ በሽታ ብቻ አይደለም። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን በዓለም ሁሉ የወደቁ ወታደሮችን ስም በማስፈር የተመሰገነ ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሞቱት አፍሪካውያንና ሌሎች የቅኝ ግዛት ወታደሮችና ጭነት ተሸካሚዎች ቢያንስ 116,000 ያህሉ በስም ሳይታወሱ መቅረታቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ አምኗል። የነዚያን ስም ያስቀረው የባዕድ መንግሥት ነበር፤ የእኛን የሚያስቀረው ግን የገዛ ቤተሰባችን ነው።

ስለዚህ የቦሌና የለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ተነሺዎችን በሚያስተናግዱበት ጊዜ፣ በ1936 ዓ.ም. ከተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ከወመዘክር ጋር ተስማምተው፣ አሮጌ ወረቀት ያለው ሁሉ ዋናውን ሳያጣ ቅጂውን የሚያስነሣበት አንድ ጠረጴዛ ቢያኖሩ ወጪው ከአንድ የአይሱዙ ጉዞ ብዙም አይበልጥም። ቅጂው ሲወሰድም ወረቀቱ ከማን እጅ እንደ መጣ፣ የሟቹ የዓለምና የክርስትና ስም፣ ታሪኩን የነገረው ሰውም ማን እንደሆነ በእርሳስ ይጻፍበት። መዝጋቢው ደግሞ ወረቀቱ የአርበኛ ይሁን የአስካሪ ብሎ ሳይመርጥ ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ተርታ ያስገባቸው።