አውቶሞቢል ቁልፉን አላውቅም ሲል

በቅርቡ የታመመ ልጃችንን ይዘን በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ስንነሣ አውቶሞቢላችን ቁልፉን አላውቅም አለን። ልጁም በጎረቤት ርዳታ ደረሰ። ቁልፉ በእጃችን ነበረ፤ የጐደለን ዕውቀት ነው። ስለዚህ ኋላ የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን።

ያለ ሽቦ የሚሠራ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ የሚሰንፈው ባትሪው ሲደክም ነው። ያን ጊዜ በውስጡ የተሸሸገውን የብረት ቁልፍ አውጥቶ በሩን መክፈት፥ ቀጥሎም ቁልፉን ወደ ሞተር ማስነሻው ማስጠጋት ይገባል። በቁልፉ ውስጥ ያለው ትንሽ መሣሪያ ኃይሉን ከአውቶሞቢሉ ስለሚቀበል፥ ባትሪው ቢሞትም በቅርብ ይታወቃል። የሚጠጋበት ስፍራ እንደ አውቶሞቢሉ ዓይነት ይለያያልና መመሪያውን አስቀድሞ ማንበብ ነው። አዲስ ባትሪ ገብቶለትም እንቢ ቢል ለባለሙያ ይታይ።

የወጣውን ባትሪ ግን በጠረጴዛ ላይ አንተወው። በብዙ ቁልፎች የሚገኘው ሲ አር 2032 የተባለው ባትሪ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሮጌው እንኳ በሕፃን ጉሮሮ ቢሰነቀር በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ልጅ ውጦታል ተብሎ ከተጠረጠረ፥ ሕመም እስኪታይ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።